የሶፍትዌር አርክቴክቸርና ንድፍ፦ ድንበሩ የት ላይ ነው?



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ጥያቄ በየመማሪያ መጽሐፉ መልስ ያገኘ ይመስላል። በሶፍትዌር አርክቴክቸርና በንድፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ተብለን ስንጠየቅ፣ አርክቴክቸር ጠቅላላ አወቃቀሩን፣ ንድፍ ደግሞ ዝርዝሩን ይመለከታል ብለን እንመልሳለን። አማርኛችንም ለዚህ አተያይ ይመቻል፤ «ኪነ ሕንፃ» ስንል ግድግዳና ጣሪያ፣ «ንድፍ» ስንል በወረቀት ላይ ያረፈ መስመር በዐይነ ሕሊናችን ይመጣል። እኔ ግን ይህ አከፋፈል በመጠን ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ያሳስታል እላለሁ። በአንድ ሥርዓት ውስጥ እጅግ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ አርክቴክቸር፣ በሥዕሉ ላይ ሰፊ ቦታ የያዘ ሣጥን ደግሞ ተራ ንድፍ ሊሆን ይችላል።

ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ወስዶ በሁለት መንገድ ከፋፍሎታል። ፕሮግራሙ የጽሑፍ መስመሮችን ይቀበላል፤ የየመስመሩን የመጀመሪያ ቃል ወደ መጨረሻ እያዞረ አዳዲስ መስመሮችን ይፈጥራል፤ ከዚያም ሁሉንም በፊደል ተራ ደርድሮ ያወጣል። በመጀመሪያው አከፋፈል ሞጁሎቹ የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላሉ፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ይደረድራል፣ አንዱ ያትማል። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ሞጁል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል አንድ ውሳኔ በውስጡ ሸሽጎ ይይዛል። ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው መስመሮቹ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጡበት መንገድ ሲለወጥ ነው፤ በመጀመሪያው አከፋፈል ለውጡ ሞጁሎቹን ሁሉ ያዳርሳል፣ በሁለተኛው ግን በአንዱ ብቻ ተወስኖ ይቀራል። ለእኔ ለዛሬው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። አንድ ውሳኔ ንድፍ የሚሆነው ሌሎቹ ሳያውቁት ሊለወጥ ሲችል ነው። ሌሎቹ ተማምነውበት ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ ግን፣ ማንም ስሙን ባይሰጠውም፣ አርክቴክቸር ሆኗል።

ከራሳችን ቤት ምሳሌ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ በጊዜው አንድ ፎንት ሊይዝ ከሚችለው 256 ቦታ ያልፋሉ። ስለዚህ አንዱ አዘጋጅ ፊደላቱን ለተለያዩ ፎንቶች አከፋፈለ፤ ሌላው ቁርጥራጭ ምልክቶችን እየቀጠለ ፊደል ሠራ። ለአዘጋጁ ይህ የፎንት ንድፍ ጉዳይ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቁጥር የተጻፈ ደብዳቤና መዝገብ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ተገኘ። ውሳኔው ከፕሮግራሙ ወጥቶ በሰነዱ ውስጥ ገባ፤ ሰነዱም ከፕሮግራሙ ይልቅ ዕድሜው ረዘመ።

ዩኒኮድ ያን ችግር ሲፈታ ሌላውን ለእኛ ተወው። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ተማሪ ስሙን «ኃይሉ» ብሎ ቢያስመዘግብና የሬጅስትራር ሠራተኛዋ «ሀይሉ» ብላ ብትፈልግ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ የለም የሚል መልስ ታገኛለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኃን፣ ኀን፣ ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ የሚመልስ አጭር ፋንክሽን መጻፍ ነው። ጥያቄው ፋንክሽኑ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በፍለጋው ላይ ከተቀመጠ፣ ስሙ እንደ ተጻፈ ተጠብቆ ለፍለጋ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ይዘጋጃል፤ ደንቡ ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ነገ ይታረማል። በምዝገባው ላይ ከተቀመጠ ግን መጀመሪያ የተጻፈው ቅርጽ ይጠፋል። ዲፕሎማው ላይ የትኛው ኃይሉ ይታተም? ዳታቤዙ አያውቅም። በሥነ ጽሑፍ ክምችት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ስትወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሲሰርቅ መሆኑን የሚለይ ጸሐፊ ልዩነቱ ተደምስሶበት ያገኘዋል። እንግዲህ ያው ፋንክሽን፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ በአንዱ ቦታ ንድፍ፣ በሌላው አርክቴክቸር ነው።

«ታዲያ አርክቴክቸሩን የምናውቀው ከረፈደ በኋላ ነው ማለት ነው?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በከፊል አዎን። ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ የሚቆጥረው የዩኒክስ ልማድ በ32 ቢት ሲያዝ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ያበቃል። የቁጥሩን ስፋት ወደ 64 ቢት ማሳደግ በኮዱ ውስጥ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን ስፋት ጠብቀው የተሠሩትን የፋይል ቅርጾችና መሣሪያዎች መድረስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሆኖም አስቀድሞ መጠየቅ የሚቻል ነገር አለ፤ ይህን ውሳኔ ማን ያየዋል? በሚቀመጥ መረጃ ላይ አሻራውን ይተዋልን?

ዲዌይን ፔሪና አሌክሳንደር ዎልፍ እ.ኤ.አ. በ1992 አርክቴክቸርን ከክፍሎችና ከቅርጽ ሌላ ምክንያትንም የሚያካትት አድርገው ገልጸውታል። በመመረቂያ ጽሑፎች «አርክቴክቸር» በሚለው ምዕራፍ የምናየው ግን ብዙውን ጊዜ ሦስት ሣጥኖችን ነው፤ ገጽታ፣ አሠራር፣ ዳታቤዝ። ሥዕሉን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ብናዛውረው የሚያስተውል አንባቢ የሚገኝ አይመስለኝም። የስሙና የቀኑ ጉዳይ፣ ማለትም ጳጉሜን የሚይዝ ዓምድ መኖር አለመኖሩ፣ በአባሪው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ምክንያት ተቀምጧል። ስለዚህ ምዕራፉ ሦስት ነገር እንዲይዝ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ውሳኔው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚመካበት፣ ቢለወጥ ምን እንደሚጠፋ። ይህ ምዕራፉን ያስረዝመዋል የሚሉ ባልደረቦች ይኖራሉ። እኔ የሚያሳጥረው ይመስለኛል፤ በአንድ የተማሪ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ከሦስት ወይም ከአራት እምብዛም አይበልጡምና።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።