በአንድ ቀጠሮ የስድስት ወር መድኃኒት

እሷ፦ ኮቪድ-19 አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያን ሰሞን ሳኒታይዘር ከየመደብሩ ጠፋ።

እሱ፦ የፋርማሲ ባለሙያዎች ናቸዋ የደረሱልን! በየዩኒቨርሲቲው አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ግሊሰሪን በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለክተው አዘጋጁት። ከተቀመመ በኋላ እኮ 72 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በዕቃው ውስጥ የቀረ ተሕዋስ እንዲጠፋ። ቅመማ የተረሳ ሙያ መስሎን ነበር።

እሷ፦ ለእኔ ትልቁ ለውጥ ግን ቀጠሮው ነው። ጤናቸው የተረጋጋ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚወስዱበት አሠራር ከወረርሽኙ በፊት ተጀምሯል፤ መጨናነቅን የመቀነሱ ጉዳይ ሲመጣ ግን ለብዙ ወራት መስጠቱ በጣም ሰፋ።

እሱ፦ ከሀብሩ ወረዳ ገጠር ወጥቶ መርሳ፣ ከመርሳ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልዲያ ለሚታከም ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። የትራንስፖርቱ ገንዘብ አለ፣ ሥራ የሚፈታበት ቀን አለ።

እሷ፦ የሰሜኑን ጦርነትም አትርሳ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያ ተይዛ ሳለች የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ያኔ የወራት መድኃኒት ቤቱ ያለው ሰውና የአንድ ወር ብቻ የያዘው እኩል አልነበሩም።

እሱ፦ ስለዚህ አሠራሩ ለስኳርና ለደም ግፊት ታካሚዎችም መስፋት አለበት፤ በዚህ አልደራደርም።

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስቱን «የብዙ ወር መድኃኒት ይፈቀድልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።