ጩኸትና ክርክር አንድ አይደሉም



ፊደል ለይታችሁ ማንበብና መጻፍ ከጀመራችሁ ወዲህ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ። «ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመጡ በእንግሊዝኛ ይመላለሳሉ፤ ይጣሉ ይጫወቱ አይገባንም» ትሉናላችሁ። እውነት ነው። ባገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው ከልጆቹ ጋር ቤት መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ ክርክርንና ጩኸትን የሚመለከቱ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ይዘን ቀርበናል።

መጀመሪያ ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት ቆመው ምስክር ሲቆጥሩ «ተሟገቱ» እንላለን። ያንኑ ነገር እየመላለሱ ከዋሉ «ተነታረኩ» ነው። ዱላ ከተነሳማ ጠብ ሆነ። እንግሊዞችም እንዲሁ ይለያሉ።

«አርጊዩ» ሲሉ ምክንያት እያቀረቡ መከራከር ማለት ነው፤ በተራ ንግግር ጭቅጭቅንም ይጨምራል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ ነገርን ግልጽ ማድረግ ነበር። «ኳረል» ግን መጣላት፣ መኳረፍ ያለበት ነው። ይኸኛውም ከላቲን ነው፤ ሥሩ ስሞታ ማለት ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ ሰሚ ያጣ ስሞታ ጠብ ይሆን የለም እንዴ? «ዲቤት» ደግሞ በተራና በሥርዓት የሚደረግ ክርክር ነው። ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ሲወርድ መማታት የሚል ትርጉም ነበረው። ዱላው ቀርቶ ቃል ተተካ ማለት ነው።

ወደ ድምፅ እንምጣ። «ሻውት» መጮህ ነው። «የል» ማንባረቅ ነው። «ስክሪም» ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲታመም የሚያሰማው ቀጭን እሪታ ነው። «ሻውት» ብቻውን ክፉ ቃል አይደለም፤ የሚለየው ከኋላው የሚከተለው ትንሽ ቃል ነው። «ሻውት ቱ» ካሉ ከወንዝ ማዶ ያለውን እረኛ እንደምንጠራው ሩቅ ላለ ሰው መጣራት ነው። «ሻውት አት» ካሉ ግን በሰው ላይ መጮህ፣ መቆጣት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አማርኛችን ይህን ሥራ በ«ለ»ና በ«በ» ይሠራዋል። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። አንደኛው መሬቱን ይዞ ይመለሳል፤ ሌላው ባዶ እጁን ይገባል። «መሰከረላት» እና «መሰከረባት»ም እንደዚያው ናቸው። እንግዲህ ወረቀት ላይ ስትፈርሙ ይህችን አንዲት ፊደል ሳታዩ አትለፉ።

ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ወለሉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች ተሰምረዋል። ርቀታቸው፣ እንደሚተረከው፣ የሁለት ጎራዴ ርዝመት ነው። ተናጋሪው ንግግሩን የሚያቀርበው ለአፈ ጉባኤው እንጂ ለባላጋራው አይደለም። ባልደረባን «ውሸታም» ማለት ክልክል ነው። ጫጫታ ሲበዛ አፈ ጉባኤው «ኦርደር! ኦርደር!» ይላል፤ ሥርዓት ያዙ ማለቱ ነው። ጉዳዩ ለውሳኔ ሲቀርብ ደጋፊውም ተቃዋሚውም በድምፁ ይመልሳል። በዚያ ካልተለየ ግን አባላቱ ወደ ሁለት ክፍል ገብተው ይቆጠራሉ። እዚያ ጮክ ያለውም ዝግ ያለውም አንድ ሰው ነው።

የእኛም አባቶች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የንግግር ችሎታ ይከበር ነበር። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የተባለው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ በየስብሰባችን ምን እናያለን? ጉሮሮው የሰፋ ሰው ይሰማል፤ ዝግ ብላ የምትናገር እናት ትታለፋለች። ባሏ የሞተባትና ወሰኗ የተገፋባት አንዲት እናት አለች እንበል። የመሬት ይዞታ ደብተር አላት፤ አዋሳኞቿ ተጽፈውበታል። ማንበብ ሳትችል ደብተሩን ሰው ያነብላት ነበር። አነበበላት ወይስ አነበበባት? ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ዛሬ ራሷ ታነባለች። ተነሥታ ሳትጮህ «በምሥራቅ የሚያዋስነኝ እገሌ ነው፤ እነሆ ጽሑፉ» ትላለች። ይህ ነው ክርክር። ያኛው ሰው እስኪነጋ ቢያንባርቅ ጽሑፉን ሊፍቀው አይችልም።

ነገር ግን እርሷ ብታነብም እኛ ካልሰማናት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከሚመጣው ስብሰባ ጀምሮ ሦስት ነገሮች እንሞክር። አንደኛ፣ አቤቱታ ያለን ሁሉ ነገራችንን ቀደም ብለን በሦስት መስመር እንጻፍ። ሁለተኛ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይበል። ሦስተኛ፣ ሰብሳቢው መጀመሪያ ዝግ ብለው የሚናገሩትን ይጥራ።

ለመልመጃ ያህል «ፈረደለት»፣ «ፈረደበት»፣ «ጮኸለት»፣ «ጮኸበት» የሚሉትን ቃላት አስገብታችሁ አራት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ልጆቻችሁም «ሻውት ቱ» እና «ሻውት አት» የሚሉትን በምሳሌ እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው። ከተሳሳቱ እናንተ አርሟቸው፤ አሁን ታውቁታላችሁና።