ለአየር ሞገድ የተከራከሩ ወጣቶች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



 ሞገድ አይታይም፣ አይጨበጥም፤ ስለዚህ ሲወሰድብን አናውቅም። መሬት ቢሆን ኖሮ ድንበሩ ሲገፋ አገር ምድሩ ይጮኽ ነበር። በአሜሪካ አገር ግን ስለዚህ ስለማይታይ ነገር ወጣቶች ተባብረው የጮኹበት ጊዜ ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ አገር ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ሽቦ ዘርግተው፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት መሣሪያ ይነጋገሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር የመርከቦችን መልእክት የሚያውኩም ነበሩባቸውና የባሕር ኃይሉ ማጉረምረም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ሕግ ፈቃድ እንዲያወጡ አዘዘ፤ ሞገዳቸውም ከ200 ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ያን ጊዜ አጭር ሞገድ ሩቅ አይደርስም ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ የተሰጣቸው ማንም የማይፈልገው ጠፍ መሬት ነበር።

በ1914 ሂራም ፐርሲ ማክሲም የተባለ መሐንዲስ በሃርትፎርድ ከተማ አንድ ማኅበር አቋቋመላቸው። የአንዱ መሣሪያ ሩቅ ስለማይደርስ፣ መልእክቱን ሌላው ተቀብሎ ወደሚቀጥለው እንዲያሳልፍ ነበር ሐሳቡ። በዚህ ምክንያት አባሎቹ ከከተማ ከተማ ይተዋወቁ ነበር፤ ኋላ የጠቀማቸውም ይኸው ነው።

በ1917 አገራቸው ወደ ጦርነቱ ስትገባ መሣሪያቸውን ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዙ። በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ይከፈትልናል ብለው ሲጠብቁ፣ ራዲዮን በባሕር ኃይል እጅ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ ለኮንግሬስ ቀረበ። ማክሲም በሸንጎው ኮሚቴ ፊት ቆሞ ተከራከረ። አባሎቹና ቤተ ሰቦቻቸው ደግሞ ለየእንደራሴዎቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። ረቂቁን የተቃወሙ የንግድ ኩባንያዎችም ስለ ነበሩ ድሉ የወጣቶቹ ብቻ ነው አንልም፤ ሆኖም ረቂቁ ቀረ፣ በ1919ም አየሩ ተመለሰላቸው።

የተመለሰው ያው የተናቀው አጭር ሞገድ ነበር። በታኅሣሥ 1921 ምልክታቸው አትላንቲክን ተሻግሮ በስኮትላንድ ተሰማ። በኅዳር 1923 ደግሞ 100 ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ ከኒስ ከተማ፣ ከፈረንሳይ አገር ጋር ሁለቱም ወገን ተነጋገሩ። አዋቂዎች የጣሉት ጠፍ መሬት አህጉር አገናኘ! ይህን ስናነብ ብዙ ሳቅን።

ዛሬም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1985 የዚያው አገር መንግሥት አንዳንድ ሞገዶችን በኃይል መጠን ወስኖ፣ ማንም ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ለቀቀ፤ ከእነርሱም አንዱ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበት ነው። በቤተ መጻሕፍታችን የምንጠቀምበት ዋይፋይ በዚሁ ሞገድ ይሄዳል። ይህን ክፍት ቦታ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ስጡ የሚል ሐሳብ ቢመጣ፣ ደብዳቤ መጻፍ የምናውቅ ስንት ነን? ክበባችን በዚህ ዓመት የራዲዮን ሕግ ማንበብ የጀመረው ስለዚህ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአጭር ሞገድ መቀበያ ልንሠራ ስለሆነ፣ በቤታችሁ የተበላሸ ራዲዮ ያላችሁ ወላጆች ብትልኩልን በአክብሮት እንለምናለን።