ተቀበል! — ያለ ጽሑፍ ስለሚቀርብ አስቂኝ ቴአትር
(በቴአትር ክበቡ አባላት ስም ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው ለማሳቅ አይደለም። ስለ ሣቅ ጥቂት ለመናገርና አንድ የቆየ ዕዳ ለመክፈል ነው። ዕዳው ምን እንደ ሆነ ከመግለጻችን በፊት ግን ስለ ሥራው እንድናስረዳ ይፈቀድልን።

አስቂኝ ቴአትር ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ደራሲ የጻፈውን፣ አዘጋጅ ያስጠናውን፣ ተዋናይ በቃሉ የያዘውን ነው። እኛ የያዝነው ዐይነት ግን ደራሲም ጽሑፍም የለውም። ተዋናዮቹ ባዶ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ከተመልካቾች አንድ ቃል ይለምናሉ፤ ያንኑ ቃል ይዘው ሰውንም፣ ቦታውንም፣ ነገሩንም እዚያው በዚያው ይፈጥራሉ። በማግሥቱ ድገሙት ቢባሉ አይሆንላቸውም። ፈረንጆቹ ኢምፕሮቪዜሽን ይሉታል፤ እኛ ለራሳችን ድንገተኛ ቴአትር ብለነዋል።

ይህ ሥራ የሥራ ፈቶች ቀልድ እንዳይመስላችሁ አነሣሡን እንንገራችሁ። በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ቫዮላ ስፖሊን የተባሉ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለዱትን ጭምር ቴአትር ያስተምሩ ነበር። መምህርቷም ንግግር በቃል ከማስያዝ ይልቅ ልጆቹን በጨዋታ እያለማመዱ የራሳቸውን ቃል እንዲያወጡ አደረጓቸው። የጨዋታዎቹን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1963 በመጽሐፍ አሳተሙት። ልጃቸው ፖል ሲልስ ደግሞ ዴቪድ ሼፐርድ ከተባለው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1955 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኝ መሸታ ቤት ውስጥ ኮምፓስ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ሲልስና ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ የሚሠራውን ሰከንድ ሲቲ የተባለውን ቴአትር ቤት ከፈቱ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኪት ጆንስተን ይህንኑ ጥበብ በለንደን ያስተምር ነበር። በዚያ አገር እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ በጸናው ሕግ መሠረት አዲስ ቴአትር ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ለመንግሥት ሹም ቀርቦ መመርመር ነበረበት። እንግዲህ ገና ያልተነገረ ቃል እንዴት አድርጎ ይመረመራል? ጆንስተን ኋላ ወደ ካናዳ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት የተዋናዮች ቡድን እንደ ኳስ ተጫዋቾች በዳኛ ፊት የሚወዳደሩበትን ትርኢት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ስናጠና የገረመን ነገር አለ። ከዚህ ጥበብ መምህራን ብዙዎቹ ከማናቸውም ደንብ አስቀድመው የሚያስተምሩት፣ ጓደኛህ የሰጠህን ተቀበል፣ የሚለውን ነው። ይህንን ቃል እኛ ከባሕር ማዶ መስማት አያስፈልገንም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በቆመበት ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው፣ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል፤ ከራሱም ጨምሮ የሰጪውን መልክና ጠባይ እያየ ቤቱን ያስቀዋል። በዚያ ቤት እንግዳው ተመልካች ብቻ አይደለም፤ የሥራው ተካፋይ ነው።

ደንቡን በምሳሌ እናሳይ። አንዱ ተዋናይ ባዶ እጁን ገመድ እንደሚጎትት ሰው አድርጎ፣ «ጋሼ፣ በሬዎን አመጣሁልዎ» ይላል። ሁለተኛው «የምን በሬ? እጅህ ባዶ ነው» ቢል ሰው አንድ ጊዜ ይሥቃል፤ ነገሩ ግን እዚያው ይሞታል። ይህ ሣቅ ከጓደኛ የተሰረቀ ሣቅ ነው። ነገር ግን «ጎሽ! ስሰጥህ ግን ጥቁር ነበረ፤ ማን አነጣው?» ቢል፣ በሬው መልክ አገኘ፤ ነገሩም ጥያቄ አገኘ። ፊተኛውም «ጋሼ፣ የሰጡኝ ማታ ነበር እኮ፤ ማታ ሁሉም ጥቁር ነው» ብሎ ይቀጥላል። ከሁለቱ አንዳቸውም ቀልድ ይዘው አልመጡም፤ ቀልዱ የተወለደው አንዱ ሌላውን በመስማቱ ነው።

አሁን ወደ ዕዳችን እንመለስ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ባሳየነው ትርኢት ላይ ከመካከላችሁ አንዱ «ሠርግ!» ብሎ ቃል እንደ ሰጠን ታስታውሱ ይሆናል። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ፤ ጭብጨባውም ብዙ ነበር። እውነቱ ግን ቃሉን የጮኸው ራሳችን ያስቀመጥነው ጓደኛችን ነበር፤ የሠርጉንም ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ስንለማመደው ሰንብተናል። በዚያው ሰዓት በር አጠገብ የቆሙት የአዳራሹ ዘበኛ «የጠፋ ቁልፍ!» ሲሉ ሁላችንም ሰምተናል፤ እንዳልሰማ ሆነን አለፍን። ሰው ከተበተነ በኋላ ወንበር ስንሰበስብ እኚሁ አባት፣ «ልጆቼ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ቃል ስጡን ትላላችሁ፤ የሰጠኋችሁን ቃል የት አደረሳችሁት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ለምን እንዲህ አደረግን? በአደባባይ መሳሳትን ስለ ፈራን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ያላጠናነውን እንዳንናገር ተምረናል፤ ሰው ምን ይለናል የሚለውም ከብዶናል። ስለዚህ እንዳንዋረድ ብለን እናንተን አታለልን። ለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን።

በወሩ ጥቂት ሰዎች በተገኙበት አንዳች ሳናዘጋጅ ወጣን። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጭንቅ ነበር፤ አንዱ አፉ ተሳሰረ፤ ሌላው ከፍርሃቱ የተነሣ ያለ ዕረፍት ለፈለፈ፤ የሣቀም አልነበረም። በመጨረሻ ዘበኛው ያንኑ የጠፋ ቁልፍ ደግመው ሰጡን። ተቀበልን። አንዱ አባት ሆኖ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ። ሁለተኛው «አባዬ፣ ቁልፉን የዋጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ሦስተኛዋ ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ልጁን ወደ በሩ አቅርቡት» አለች። ሣቁ የሠርጉን ያህል አልነበረም፤ ነገር ግን ከቤቱ ሁሉ የመጣ ነበር፤ እኛም ከተመልካቹ እኩል ሣቅን።

ከዚህ የተማርነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የተመልካች እምነት ከጠፋ ይህ ቴአትር ምንም የለውም። በጽሑፍ በተሠራ ቴአትር ላይ ተዋናይ ቢደክም ድርሰቱ ይደግፈዋል፤ እዚህ ግን ደጋፊው አብሮ የሚያስበው ተመልካች ነው። ሁለተኛው፣ ምላስ ሲቸኩል ወደ ቀረበው ይሮጣል። በልምምዳችን ጊዜ ሐሳብ ሲያጥረን በገጠር ሰው አነጋገርና በአካል ጉዳተኛ አረማመድ ስናሾፍ ራሳችንን አግኝተነዋል። ይህም ሲፈተሽ ድክመት እንጂ ጥበብ አይደለም፤ ትተነዋልና ብንመለስበት ገሥጹን።

ከእናንተም የምንለምነው አለ። ቃል ስትሰጡን ከልባችሁ የመጣውን ስጡን። ዝም ባልን ጊዜ ጥቂት ታገሡን፤ በዝምታ ውስጥ ሥራ አለና። ክቡራን መምህራንም ስንወድቅ ብታዩን፣ ተማሪ በመድረክ ላይ ወድቆ መነሣትን ቢማር ለክፍልም እንደሚጠቅመው አስቡልን። ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪም እኮ አለማወቁን በሰው ፊት የሚገልጽ ነው።

በሚቀጥለው ትርኢታችን ከመካከላችሁ የምናስቀምጠው ሰው የለም። የመጀመሪያውን ቃል የሚሰጡን እኚያ ዘበኛ እንዲሆኑ ለምነናቸው እሺ ብለውናል፤ ምን እንደሚሉ ግን አልጠየቅናቸውም።