የምግብ ዘይትና የነዳጅ ቀረጥ

(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪ የተደረገ ንግግር)



የወጥ ቤት ዘይት መኪና ሊያስኬድ ይችላልን? አዎን፤ ይችላል። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሩዶልፍ ዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ዘይት ከናፍጣ ይልቅ ወፍራም ስለ ሆነ ግን አስቀድሞ ሊሞቅ ወይም በኬሚስትሪ ጥበብ ሊቀጥን ይገባዋል።

ቢቻልስ ይፈቀዳልን? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በዌልስ አገር፤ ላኔሊ በምትባል ከተማ፤ ሰዎች ርካሽ የምግብ ዘይት እየገዙ በናፍጣ መኪናቸው ይጨምሩ ጀመር። ፖሊሶችም ጢሱን እያሸተቱ፤ ድንች ጥብስ ድንች ጥብስ የሚለውን መኪና አስቆሙ። ጥፋቱ ዘይት መጠቀም አልነበረም፤ የነዳጅ ቀረጥ አለመክፈል ነው እንጂ።

«በገዛ ዘይቴ ማን ያዝዝብኛል?» የሚል አይጠፋም። ዘይቱ የራሱ ነው፤ ቀረጡ ግን የአገር ሁሉ ገንዘብ ነው። ሕግም በበኩሉ ከትልቁ ነጋዴና ከድኻው እኩል መጠየቅ አይገባውም። ስለዚህ የብሪታንያ መንግሥት በ2007 እ.ኤ.አ. ሕጉን አሻሽሎ፤ በዓመት ከ2,500 ሊትር በታች የሚያዘጋጅ ወይም የሚጠቀም ሰው ከቀረጥ ነጻ እንዲሆን፤ ልኩን ግን በመዝገብ እንዲጽፍ አደረገ።

ጓደኞቼ ሆይ! ያን መዝገብ የሚጽፈው ባለ መኪናው ራሱ ነው፤ አጠገቡ ፖሊስ አይቆምም። እውነተኛውን ቍጥር እንዲጽፍ የሚያደርገው ኅሊናው ብቻ ነው። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ከጥበቡ ጋራ ይህንን ይዘን እንውጣ።