የለምለም ቅጠል አስተሻሸግ፤ ከአንበሳሜ ጓሮ እስከ ገበያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ከጉማራ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ባለው አገር፣ በአንበሳሜም ሆነ በወረታ፣ ስለ ምርት ብክነት ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ናቸው። በጓሮ የሚበቅሉት በሶብላ፣ ጤና አዳምና ድንብላል ግን ከቁም ነገር አይቈጠሩም። ሆኖም ለብዙ ባለጓሮ እናት የጨው፣ የሳሙናና የደብተር ገንዘብ የሚገኘው ከዚሁ እስር ቅጠል ነው። ጧት ለምልሞ የተቈረጠው እስር ቀትር ላይ ሲጠወልግ ዋጋው ይወድቃል፤ ማታም ይጣላል። ዛሬ የምናገረው ይህ ኪሣራ ከምን እንደሚመጣና በአስተሻሸግ እንዴት እንደሚቀነስ ነው።

የተቈረጠ ቅጠል አልሞተም፤ ይተነፍሳል፣ ውኃውም ይተናል። ከሥሩ ስለ ተለየ ግን የጠፋውን ውኃ የሚተካለት የለም። ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ያህሉን ሲያጣ መጠውለጉ በዓይን ይታያል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቍጥር ደግሞ የአተነፋፈሱ ፍጥነት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በፀሐይ የሞቀን ቅጠል ማሸግ ሙቀቱንም አብሮ ማሸግ ነው። በንጋት መቍረጥና በጥላ ሥር ማቀዝቀዝ ከማንኛውም መጠቅለያ ይቀድማል።

መጠቅለያው ሁለት ግዳጅ አለበት፤ ይኸውም እርጥበትን መያዝና ቅጠሉን ማስተንፈስ ነው። የተቋጠረ ፌስታል የመጀመሪያውን ይፈጽማል፤ ሁለተኛውን ግን ይነፍጋል። በውስጡ የሚጠራቀመው ላበት ቅጠሉን ያጠቍረዋል፤ አየር ሲያጥረውም ይሸታል። ክፍት ቅርጫት በአንጻሩ ያስተነፍሳል እንጂ ከነፋስና ከፀሐይ አያድንም።

በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ስለ ጸደቀ፣ የፌስታልን ምትክ መፈለግ ግዴታችን ሆኗል። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻንም። እናቶቻችን ዳቦ የሚጋግሩበት ኮባ፣ የጫት ነጋዴዎችም እስራቸውን ረጅም መንገድ የሚያሻግሩበት የእንሰትና የሙዝ ቅጠል፣ ራሱ እርጥብ የሆነ፣ በእጥፋቱም መካከል አየር የሚያስገባ መጠቅለያ ነው። በኮባ የተጠቀለለው እስር በቅርጫት ሳይታመቅ ተደርድሮ እርጥብ ጆንያ ቢለብስ፣ ከጆንያው የሚተነው ውኃ ሙቀቱን ይቀንስለታል። ይህ ዘዴ በደረቁ በጋ በሚገባ ይሠራል፤ አየሩ እርጥበት በሚሞላበት በክረምት ግን ኀይሉ ይደክማል።

ሁለት ነገሮችንም ላሳስብ። አንደኛ፣ ቅጠልን ከፎገራ ሜዳ ከሚመጣ የበሰለ ቲማቲም ጋር በአንድነት መጫን አይገባም፤ ቲማቲሙ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ድንብላሉን ቢጫ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ድንብላልና ናና ወደ 0 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ በደኅና ይቈያሉ፤ በሶብላ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይጠቍራል። ስለዚህ የከተማው ነጋዴ ሁሉን በአንድ ማቀዝቀዣ አያኑር።

በመጨረሻም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወደየወረዳችሁ ስትመለሱ ከአንዲት ባለጓሮ ዘንድ ሦስት እኩል እስር አዘጋጁ፤ አንዱን በኮባ፣ አንዱን በፌስታል ጠቅልሉ፤ ሦስተኛውን እንዲሁ ተዉት። ጧትና ማታ በፊቷ መዝኑ። ከእኛ ንግግር ይልቅ ሚዛኑ ያስረዳታል።