ስለ ከባድ ወንጀል ቅጣት አመዛዘን
ለአስተማሪዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ

በአንድ አገር ሁለት ሰዎች ነፍስ ቢያጠፉ፥ አንዱም ዕድሜ ልኩን ታስሮ ሌላው በጥቂት ዓመት ቢፈታ፥ ሕዝቡ «ዳኛው አዳላ» ብሎ ያማል። ያዳላ እንደ ሆነ ሐሜቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዳኛው ምንና ምን እንደ መዘነ ያልተረዳ ሰው ፍርዱን ለመንቀፍም ለማመስገንም አይበቃም።

በቀድሞ ዘመን ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። እነርሱም ወይ ደማቸውን ይመልሱ፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቁ ነበር። በችሎት የተሰየሙት ፍርዳቸውን የሚናገሩት ከታናሹ ጀምረው ነበር፤ ታናሹ ታላቁን አፍሮ አሳቡን እንዳይለውጥ ይረዳልና መልካም ልማድ ነው። ኋላ በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጻፈ፤ በ1949 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፤ ዛሬ የሚፈረድበት ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ አስቀድሞ መክሮና ተዘጋጅቶ ወይም በተለየ ጭካኔ ሰው የገደለ ዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ይፈረድበታል። ይህ ሳይኖር አስቦ የገደለ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይታሠራል። ራሱን ሲከላከል ከመጠን ያለፈ፥ ወይም በከባድ ማስቆጣት ተነሣሥቶ የገደለ ግን ቅጣቱ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እሥራት ነው። ሟቹ በሦስቱም ያው ሟች ነው፤ የገዳዩ ልብ ግን ልዩ ልዩ ነው። የሞት ፍርድም ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት ባልሞላው ላይ አይወሰንም፤ የአገሩ ርእሰ ብሔር ሳያጸናውም አይፈጸምም።

ዳኛው ጥፋተኝነቱን እስኪወስን ድረስ የተከሳሹ የቀድሞ ወንጀል አይነገረውም፤ አሮጌው ክስ ለአዲሱ ምስክር እንዳይሆን ነው። ከዚያ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ እንዲከብድ ወይም እንዲቀል ያለውን ይናገራል፤ ጥፋተኛውም ይመልሳል። በሌሊት፥ በመሣሪያ፥ በማኅበር፥ ሥልጣንን መከታ አድርጎ፥ ወይም ዕድሜው ወይም ጤናው ጥበቃ በሚያሻው ሰው ላይ መሥራት ቅጣቱን ያከብዳል። የቀድሞ መልካም ጠባይ፥ እጅን ለሕግ መስጠት፥ ተጸጽቶ የተበደለውን መካስ ያቀልለታል። ሕጉ ራሱ ቅጣቱን ያከበደበትን ምክንያት ግን ዳኛው ሁለተኛ አይቈጥረውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. ባወጣው፥ በ2006 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ፥ ቅጣቱ በእርከን ይወጣል፥ በእርከን ይወርዳል፤ ለተመሳሳይ በደል በየአገሩ የተራራቀ ፍርድ እንዳይሰጥ ነው።

ሴትን አስገድዶ ስለ መድፈር የተለወጠው ብዙ ነው። በ1949ኙ ሕግ ደፋሪው ልጅቱን ያገባ እንደ ሆነ ክሱ ይቀር ነበር። ዛሬ ጋብቻ ወንጀሉን አይሽርም። ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፤ ልጅቱ ከ13 እስከ 18 ዓመት ብትሆን፥ ወይም ብዙ ሆነው ቢደፍሯት እስከ 20 ይደርሳል፤ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ቢያስከትል ዕድሜ ልክ ነው።

እዚህ ላይ የሽማግሌ ድርሻ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ሳይሰማ ሽማግሌ ይላካል፥ ለአባት ከብት ወይም ገንዘብ ይሰጣል፥ «ታረቁ» ይባላል። ካሣው ከእውነተኛ ጸጸት የመጣ ቢሆን ዳኛው በማቅለያ ሊመለከተው ይችላል፤ ክሱን ግን አያስቀረውም። ደግሞም አባት የተቀበለው በሬ የልጅቱ ይቅርታ አይደለም።

የአስተማሪም ድርሻ በመዝገቡ ላይ ነው። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ልጅ ጋር የተገናኘ፥ ኃይል ባይጠቀምም፥ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ይፈረድበታል፤ 13 ዓመት ከሞላት ግን ያው ሥራ ከ3 ዓመት ይጀምራል። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር ዕድሜዋ ሲያከራክር ከሐኪም ግምት ጋር የትምህርት ቤት መዝገብ ይጠየቃል። በመስከረም ተማሪዎች ተሰልፈው ሳሉ፥ አስተማሪው ቸኩሎ በቁመቷ ገምቶ 12 ዓመት የሆናትን ልጅ «14» ብሎ ቢጽፍ፥ ያ ቁጥር አንድ ቀን በዳኛ ፊት ይነበባል።